ቤተሰብ ይዞ ታቬርና መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አቴንስ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። ዘመድ ሲመጣ፣ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከስቶክሆልም፣ እሁድ ምሳ ታቬርና መውሰድ የኔ ሥራ ነው። በሄድን ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሳል። ጾመኛ ነኝ ምን ልብላ? አሳማ የለበትም? ይሄን ሁሉ ማን አዘዘ? ሒሳቡ ላይ ያለችው ይቺ ሁለት ዩሮ የምንድን ናት? ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳት አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ታቬርና ከሬስቶራንት በምን ይለያል?

ግሪኮች ለምግብ ቤት ብዙ ስም አላቸው። ኢስትያቶርዮ የሚሉት የኛው ሬስቶራንት ነው። ፕሲስታርያ የከሰል ጥብስ ቤት ነው። ፕሳሮታቬርና የዓሣ ቤት። ሱቭላጂዲኮ ደግሞ ጥብስ ሥጋ ፒታ በሚሉት ቂጣ ተጠቅልሎ ቆመውም ተቀምጠውም የሚበሉበት፣ ርካሹና ፈጣኑ። ታቬርና ከነዚህ ሁሉ መካከል ያለ የሰፈር ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይነጠፋል፣ ነፋስ እንዳይወስደው በላስቲክ ወይ በመቆንጠጫ ይያዛል፣ ስትነሱ ወረቀቱ ከነፍርፋሪው ተጠቅልሎ ይጣላል። ዳቦ በቅርጫት ይመጣል። ከጠረጴዛ ሥር ድመት አለች፣ ከሌለችም ትመጣለች። ክራባት አያስፈልግም። ሱፍ ለብሶ የመጣ አጎት ነበረኝ፣ ማንም ምንም አላለውም፣ ግን የወይራ ዘይቱ ሱፉን አልማረውም።

ቋንቋ ለማይችል ሰው ከሁሉም የምመክረው ሌላ ዓይነት ቤት ነው፤ ማጊሪዮ ይባላል። የቤት ወጥ የሚሸጥበት ነው። ምግቡ ጠዋት ተሠርቶ በትሪ በትሪ መስታወት ውስጥ ይደረደራል። በጣት እያሳዩ ማዘዝ ነው። ለእናቶች ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ድስቱን ሳያዩ አይበሉማ።

ስንት ሰዓት ነው የሚበላው?

የእሁድ ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው፣ 10 ሰዓት ላይም ገና የሚገባ ቤተሰብ አለ። እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። በጊዜ ልብላ ብላችሁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትሄዱ፣ ክፍት ከሆነ፣ አብረዋችሁ የሚቀመጡት ቱሪስቶች ብቻ ናቸው።

ይሄን የምጽፈው በአገራችን ሰዓት ነው፤ ምክንያት አለኝ። ከአገር ቤት ለመጣ ያክስቴ ልጅ “ለ9 ሰዓት ጠረጴዛ ይዣለሁ” አልኩት። እኔ የፈረንጁን ማለቴ ነበር፣ የማታውን። እሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ኪፕሴሊ ሰፈር ብቻውን ተገኘ። “የት ናችሁ? እኔ ደርሻለሁ!” ብሎ ደወለ። እስክንመጣ ምሳውን በልቶ፣ ማታ ደግሞ ከኛ ጋር እራቱን በላ። ስለዚህ ስትቀጣጠሩ “በፈረንጅ” ወይ “በእኛ” በሉ።

እሁድ ምሳ ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። ኦገስት 15 የማርያም በዓላቸው ነው፤ በዚያ ሰሞን አቴንስ ጭር ትላለች፣ የሰፈር ታቬርና ብዙውም ይዘጋል። ባለቤቱም ወደ አገሩ ገብቷል።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሳህን ነው የሚታዘዘው?

አይደለም! ይሄን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰባት ሆነን ሄደን ሰባት ሰላጣ፣ ሰባት ዋና ምግብ አዘዝን። አስተናጋጁ ሁለቴ ጠየቀን። እኛ ደግሞ የናቀን መስሎን “አዎ፣ ሰባት!” አልነው። ጠረጴዛ ተጨመረልን። አንዱ ሰላጣ ብቻ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር።

ግሪኮች “ስቲ ሜሲ” ይላሉ፣ መሀል ላይ ማለት ነው። ምግቡ መሀል ይቀመጣል፣ ሁሉም ከዚያ እየቆረሰ ወደ ትንሽ ሳህኑ ያነሳል። ያው የኛ ገበታ በሉት፣ እንጀራው ብቻ ነው የጎደለው። ስለዚህ ሰው አትቁጠሩ፣ ጠረጴዛውን እዩ። ለስድስት ሰው እኔ የማዘው እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰላጣ፣ ሦስት ወይ አራት ትንንሽ ነገር (አንድ ዛዚኪ ማለትም እርጎ በኪያር፣ አንድ ፋቫ ማለትም የክክ ማጥቀሻ፣ አንድ የዝኩኒ ጥብስ ወይ የተጠበሰ አይብ)፣ ሁለት የድንች ጥብስ፣ ከዚያ ሦስት ዋና ምግብ። ካነሰ ይጨመራል። አስተናጋጁ አይቆጣም፣ እንዲያውም እየጨመሩ ማዘዝ ወጉ ነው። የተረፈውን “ሴ ፓኬቶ” በሉት፣ ቋጥሮ ይሰጣችኋል። ነውር አይደለም።

ምግቡ በተርታ አይመጣም። የደረሰው ይመጣል። ድንቹ ከሥጋው በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ሰላጣው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመጣል።

ሰላጣው ላይ ያለው አይብ የኛ አይብ ነው?

ፌታ ይባላል፣ የኛ አይብ አይደለም። አክስቴ አይብ መስሏት በማንኪያ ሙሉ ጎረሰችና ውሃ ጠራች። ጨው ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ነው፣ ጨዋማ። ቢያንስ 70 በመቶው የበግ ወተት መሆን አለበት፣ የቀረው የፍየል። ከ2002 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፌታ የሚለው ስም የግሪክ ብቻ ነው፣ ሌላው “ነጭ አይብ” ይባል። ሰላጣው ሆርያቲኪ ይባላል፣ የባላገር እንደማለት። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የወይራ ፍሬ፣ ከላይ አንድ ቁራጭ ፌታና ኦሬጋኖ፣ ዘይቱ የወይራ። የሰላጣ ቅጠል የለበትም። ቅጠል ከገባበት የቱሪስት ነው ይላሉ እዚህ።

ሲያልቅ ሳህኑ ሥር የሚቀረውን የቲማቲም ውሃና ዘይት በዳቦ እየጠረጉ መብላት ነው። ሰው ያየኛል ብላችሁ አትተዉት፣ ከምግቡ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

ፌታውን ከሆርታ ጋር ሞክሩት። ሆርታ የተቀቀለ የሜዳ ቅጠል ነው፣ በሎሚና በወይራ ዘይት። ጎመን በአይብ የለመደ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ጾም ላይ ነኝ። የምበላው ይኖራል?

ብዙ የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አጭሩ መልስ፦ ከሥጋ በሉ ይልቅ አንቺ ነሽ የምትጠግቢው።

ግሪኮች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ረቡዕና ዓርብንም ያውቃሉ። ዛሬ ዛሬ ብዙው ሰው በየሳምንቱ አይጾምም፣ ግን የጾም ምግቡ ከማእድ ቤት አልወጣም። “ኒስቴቮ” በሉ፣ እጾማለሁ ማለት ነው። አስተናጋጁ ሽማግሌ ከሆነ ደስ ይለዋል፣ ወጣት ከሆነ ሄዶ እናቱን ይጠይቃል።

ላዴራ የሚባል የምግብ ዘር አለ፣ በወይራ ዘይት የተሠራ አትክልት ማለት ነው። ፋሶላኪያ አንዱ ነው፣ የኛው ፎሶልያ፣ ስሙም አልራቀም። ብሪያም የሚሉት ዝኩኒ፣ ደበርጃንና ድንች በቲማቲም ምድጃ ውስጥ የበሰለ ነው። ባሚያም አለ፤ አረብ አገር የኖሩ ባሚያን ሳስተዋውቃቸው ይስቁብኛል። ጊጋንዴስ ትልልቅ ነጭ ባቄላ መሳይ ነው፣ በቲማቲም ሥጎ። ፋቫ ከቢጫ ክክ የሚሠራ ነው፣ የሳንቶሪኒ ደሴቱ ስም ያለው ነው። ልክ እንደ ወፍራም አልጫ ሽሮ ሆኖ ከላዩ ሽንኩርትና ዘይት ይደረግበታል። እናቴ ቀመሰችና “ይሄማ እርድ የጎደለው ክክ አልጫ ነው” አለች። ምስርና ሽምብራም ይሠራሉ፣ ግን ከታቬርናው ይልቅ ማጊሪዮ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አሁን መጠንቀቂያው። የግሪኮች ጾምና የኛ ጾም አንድ አይደለም። እነሱ ጋ ደም የለውም የሚባል የባሕር ነገር በጾም ይበላል፦ ኦክቶፐስ፣ ካላማሪ፣ ሽሪምፕ፣ ዛጎል ያለው ሁሉ። ዓሣ ግን በዐቢይ ጾም አይበላም፣ ጥቂት ቀን ሲቀር። ስለዚህ “ኒስቲሲሞ ነው”፣ የጾም ነው፣ ብሎ ያመጣላችሁ ሩዝ ውስጥ ሽሪምፕ ሊኖር ይችላል፣ እሱ አልዋሸም። ታራሞሳላታ የምትባል ሮዝ ወይ ነጭ ለስላሳ ማጥቀሻ አለች፣ በጾም መያዣቸው ሰኞ የማትቀር፣ የተሠራችው ከዓሣ እንቁላል ነው። ለኛ አትሆንም።

የወይን ቅጠል ጥቅሉ (ዶልማዳኪያ) ሁለት ዓይነት ነው። ቀዝቃዛው በሩዝ ብቻ የተሞላው ይጾማል፣ ትኩሱ ግን ሥጋ አለው፣ ከላይም የእንቁላልና የሎሚ ሥጎ ይፈስበታል። የተሞላ ቲማቲምም እንዲሁ፣ በሩዝ ብቻም በሥጋም ይሠራል፣ ጠይቁ። ሙሳካን ደግሞ ደበርጃን አየሁ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አይብ፣ አንድም የጾም ነገር የለው። “ሆሪስ ቲሪ” ማለት ያለ አይብ፣ “ሆሪስ ክሬአስ” ያለ ሥጋ ነው። ሰላጣውን ሆሪስ ቲሪ ካላችሁ ያለ ፌታ ያመጡላችኋል።

የቀን ነገርም አለ። ፋሲካው ከኛ ጋር አንድ ቀን ነው፣ ግን ዐቢይ ጾም እነሱ ከኛ አንድ ሳምንት ዘግይተው ይገባሉ። ገና ላይ ነው የሚያደናግረው። እነሱ የገናን ጾም ኖቬምበር 15 ይይዛሉ፣ እኛ ኅዳር 15። ቁጥሩ አንድ፣ ቀኑ የተለያየ። ዲሴምበር 25 እነሱ ፈስከው ሥጋው ከየከሰሉ ሲሸት እኛ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀረናል። በዚያ ሰሞን “ኒስቴቮ” ስትሏቸው በዓሉ አለፈኮ ብለው ግር ይላቸዋል። ማስረዳቱ ረጅም ነው፣ እኔ “ኢትዮጵያ” ብዬ እጨርሰዋለሁ።

አሳማ አንበላም። በምን እናውቃለን?

ይሄም ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ግሪክ ውስጥ ጥብስ ሥጋው ሌላ ካልተባለ በቀር ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው። ሱቭላኪ፣ በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ ሥጋ፣ ካላችሁ የሚመጣው የአሳማ ነው። ዪሮስ፣ እኛ ጊሮስ የምንለው እየዞረ የሚጠበሰው ሥጋ፣ እሱም አሳማ ነው፣ ዶሮ ካላላችሁ በስተቀር። ሉካኒኮ ቋሊማ ነው፣ አሳማ። ኬፍቴዴስ የሚባሉት የሥጋ ኳሶች ብዙ ጊዜ የከብትና የአሳማ ድብልቅ ናቸው፤ ሽታም መልክም አያስታውቅም።

አንዲት ቃል ያዙ፦ ሂሪኖ፣ አሳማ። “ኤሂ ሂሪኖ?” አሳማ አለው ወይ ማለት ነው። ዶሮ ኮቶፑሎ፣ የከብት ሞስሃሪ፣ በግ አርኒ፣ ፍየል ካትሲኪ። ለኛ ሰው እኔ የማዘው ፓይዳኪያ ነው፣ የበግ ጎድን ከሰል ላይ የተጠበሰ። በሎሚ፣ በጨው፣ በኦሬጋኖ። በኪሎ ይታዘዛል። በእጅ ይበላል፣ ግሪኮቹም አጥንቱን ይዘው ይግጣሉ፣ ስለዚህ ሹካና ቢላ ለያዘች እናቴ አዘንኩላት፣ ኋላ እሷም ትታው በጇ ገባችበት።

ሙስሊም ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ግን በጉም በአብዛኛው ሐላል የታረደ አይደለም፤ ጥብሱም አሳማ ከተጠበሰበት ከሰል ላይ ነው የሚወጣው። ዓሣ ቤት መሄድ ይሻላል። እዚያም ኦክቶፐስና ወጥ አንዳንዱ በወይን ጠጅ ይበስላል፣ ጠይቁ።

ዓሣው ለምን ያን ያህል ውድ ሆነ?

በኪሎ ስለሆነ። ሜኑው ላይ 60 የሚል ብታዩ የሳህን ዋጋ አይደለም፣ የኪሎ ነው። አንዴ አንድ ደሴት ላይ፣ ስሙን አልጠራም፣ አስተናጋጁ “ዛሬ የመጣ ጥሩ ዓሣ አለ” ሲለን “አምጣ” ብለን ብቻ ዝም አልን። ሳንመዝን። ሒሳቡ ሲመጣ ለአምስት ደቂቃ ማንም አልተናገረም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወጉ ተነስቶ ሄዶ በረዶው ላይ ያለውን ዓሣ ማየት፣ ማስመዘን፣ ዋጋውን መስማት፣ ከዚያ “ጥበሰው” ማለት ነው። ማንም አይቀየምም። ርካሽ የሚፈልግ ትንንሾቹን ይዘዝ፣ ጋቭሮስና ሳርዲን፣ በሳህን ነው የሚሸጡት። ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ሆኖ የቆየ ዓሣ ወይ ካላማሪ ከሆነ ሜኑው ላይ በኮከብ ምልክት መጠቆም ግዴታቸው ነው።

ልጆች ይዘን ብንሄድ?

ይዛችሁ ሂዱ። በጠረጴዛዎች መካከል የሚሯሯጥ የግሪክ ልጅ አለ፣ የእናንተም ይቀላቀላል። የልጆች ሜኑ ብዙ ቦታ የለም፤ የድንች ጥብስ፣ የዶሮ ሱቭላኪ፣ ዳቦ፣ በቃ። ድንቹ ብዙ ቤት በእጅ የተቆረጠ ነው። ውስጥ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው፣ ውጭ ግን ይጨሳል፣ ሕፃን ካላችሁ ቦታ ስትመርጡ አስቡበት።

ምግቡ አያቃጥልም። ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ ባወጣ ነውር ነው?

አክስቴ ሳትጠይቅ ነው ያወጣችው። ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ፣ ከደሴ የመጣ። ባለቤቱ አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ በጣቱ ጫፍ ቀመሰ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ሄዶ ለምግብ አብሳዩ አሳየ። ነውር አይደለም። ግን ሳይቀምሱ አይነስንሱበት፣ ያ ይከፋቸዋል። ከሌላችሁ “ቡኮቮ” በሉ፣ የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ ያመጣሉ። እንደኛ አያቃጥልም፣ ከምንም ይሻላል።

እሺ አልኩ፣ አስተናጋጁ ግን ወሰደብኝ። ምን አጠፋሁ?

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ግሪክ ቅንድብ ወደ ላይ ማንሳት “አይ” ማለት ነው። አንዳንዴ ከምላስ “ጭ” የምትል ድምፅ ይጨምሩበታል። እኛ ደግሞ ቅንድባችንን ብድግ አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን “አዎ” እንላለን። አክስቴን “ዳቦ ልጨምር?” አላት፣ ቅንድቧን አነሳችለት፣ ቅርጫቱን ይዞ ሄደ። “ውሃስ?” አላት፣ አሁንም አነሳች። ውሃውንም ወሰደው። “ምን አደረግሁት?” አለችኝ በሹክሹክታ።

በቃል ስትናገሩም ሌላ ጣጣ አለ፤ “ኔ” ማለት አዎ ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ ደግሞ “ኖ” ያለው ይመስለዋል። አይ “ኦሂ” ነው። ጥሩው ነገር አውራ ጣት ሁሉም ይገባዋል።

ሒሳቡ ላይ ያላዘዝነው ነገር አለ። አጭበርብረውን ነው?

ኩቬር ይሆናል። የዳቦና የመቀመጫ ዋጋ እንደማለት ነው፣ በሰው ይቆጠራል፣ ከ50 ሳንቲም እስከ ሁለት ዩሮ ገደማ። ሜኑው ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። ካልተጻፈ ጠይቁ። ውሃም የታሸገ ያመጡና ያስከፍላሉ። የአቴንስ የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፣ በጆግ አምጡልን ማለት ትችላላችሁ። ብዙ ደሴቶች ላይ ግን የቧንቧው አይጠጣም፣ እዚያ የታሸገውን ግዙ።

ደረሰኝ ይሰጣሉ። ሜኑው ሥር በግሪክኛም በእንግሊዝኛም የምታዩት ጽሑፍ አለ፣ ደረሰኝ ካልተሰጠህ የመክፈል ግዴታ የለብህም ይላል። ጌጥ አይደለም፣ ሕግ ነው። ካርድም ይቀበላሉ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ሒሳቡን ሞላ አድርጎ ጥቂት ዩሮ መተው ይበቃል። ያለ ዓሣ፣ ከነመጠጡ፣ በሰው ከ15 እስከ 25 ዩሮ ያዙ።

ወይን ጠጁን በኪሎ ነው ያሉኝ፣ በትክክል ሰምቻለሁ?

በትክክል ሰምተሻል። የቤቱ ወይን ጠጅ በኪሎ ይታዘዛል፣ “ሚሶ ኪሎ” ግማሽ ኪሎ። በሸክላ ወይ በቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ይመጣል። ትንንሽ ብርጭቆ ይሰጧችኋል፣ ቀስ እያሉ መቅዳት ነው። ሬትሲና የሚባለው የጥድ ሙጫ ያለበት ነው። እኔ አልወደውም። ጌሾ የለመደ ሰው ግን ይወደዋል፣ አጎቴ ግማሽ ኪሎውን ብቻውን ጨረሰው።

በመጨረሻ ያላዘዝነው ጣፋጭ መጣ። እንመልሰው?

እንዳትመልሱት! ኬራዝማ ይባላል፣ ግብዣ ነው። በበጋ ሀብሐብ፣ ሌላ ጊዜ እርጎ በማር፣ በጾም ሐላዋ፣ አንዳንድ ቦታ አነስ ያለች የአረቄ መለኪያ። እኛ አንዴ “አላዘዝንም” ብለን ገፋነው፣ ኩቬሩ ያሳሰበን ነበርና። ባለቤቱ ፊቱ ተለወጠ። ልክ ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ቡና አልጠጣም ሲላችሁ የሚሰማችሁ ዓይነት። ብሉት፣ ካልቻላችሁም ቅመሱለት።

ቡና ግን የጥንቱ ዓይነት ታቬርና ላይ አይገኝም። ተነስታችሁ ካፌ ሂዱ። የግሪክ ቡና እንደኛ አተላው ሥር ይዘቅጣል፣ አታማስሉት፣ የመጨረሻውንም አትጠጡት። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ስታዝዙ ነው የምትናገሩት፦ ስኬቶ ያለ ስኳር፣ ሜትሪዮ መካከለኛ፣ ግሊኮ ጣፋጭ። ጀበና የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል፣ ስኒዋ አንድ ናት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የላትም።

ማን ነው የሚከፍለው?

ግሪኮች በሒሳብ ይጣላሉ፣ ልክ እንደኛ። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፣ አስተናጋጁን “ከሱ እንዳትቀበል” ይሉታል። ተካፍሎ መክፈል ወጣቶቹ ጋ አለ፣ በቤተሰብ ጠረጴዛ ላይ ግን አይታይም። የኔ ዘዴ እንዲህ ነበር፦ ሀብሐቡ ሲመጣ እጄን ልታጠብ ብዬ እነሳለሁ፣ በማእድ ቤቱ በኩል ዞሬ እከፍላለሁ።

ባለፈው ይሄንኑ አደረግሁ። “ቶ ሎጋሪያዝሞ” አልኩት ባለቤቱን፣ ሒሳብ። ቅንድቡን ወደ ላይ አነሳ። ተከፍሏል። አክስቴ አንድ የግሪክ ቃል አታውቅም፣ ሚጥሚጣውን ላሳይ ብላ ወደ ማእድ ቤት ስትገባ ነው የጨረሰችው። ስትመለስ ጠርሙሱን አልያዘችም ነበር።